የገና ስድብና የቀይ ካርድ ስድብ

በአገራችን የስፖርት ገጾች ላይ ዘወትር የሚነበብ አንድ የጽሑፍ ዓይነት አለ። ሥነ ጽሑፍ ነው የሚለው ሰው የለም፤ እኔ ግን እንደ ሥነ ጽሑፍ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የፕሪምየር ሊጉ የውድድርና ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የጨዋታ ሳምንቱ ሲያልቅ ተሰብስቦ የሚያወጣው የቅጣት ውሳኔ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ በአንድ ትንፋሽ አይዘለቅም። እገሌ የተባለው ተጫዋች በዚህ ሳምንት፣ በዚህ ጨዋታ፣ የዕለቱን ዳኛ “አጸያፊ ስድብ” ስለመሳደቡ ሪፖርት ስለቀረበበት ይህን ያህል ጨዋታ እንዲታገድ፣ ይህን ያህል ብርም እንዲከፍል ተወስኗል ይላል። ሳምንቱ አለ፤ የጨዋታው ቁጥር አለ፤ ብሩም አለ። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስድቡ።

ሐያሲ ነኝ የሚል ሰው ዋና ገጸ ባሕርይው የጠፋበት ድርሰት ሲያጋጥመው ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። “አጸያፊ” የሚለው ቃል እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ መግለጥ ሳይሆን መሸፈን ነው፤ ጋቢ በሉት። ዳኛውን “ዕውር ነህ እንዴ?” ያለውም፣ እናቱን ያነሣበትም፣ የትውልድ አገሩንና ዘሩን ጠቅሶ ያዋረደውም ሁሉም በዚያ ጋቢ ሥር ተጠቅልለው ይተኛሉ። ተቀጪው በምን እንደተቀጣ ያውቀዋል፤ ዳኛውም ያውቃል፤ ኮሚቴውም ሪፖርቱን አንብቦታል። ቅጣቱ ያስተምረዋል የተባለው ሕዝብ ግን ምን ማለት እንደሌለበት ሳይነገረው ይቀራል።

ለመሆኑ ኳስ ተጫውቶ እንጀራውን የሚበላ ሰው ሜዳ ውስጥ ከአፉ ለወጣ ቃል መቀጣት አለበት ወይ? ይህን ስጠይቅ የሚመልሱልኝ ሰዎች በሁለት ጎራ ይቆማሉ። አንደኛው ወገን “ሜዳ ገዳም አይደለም” ይላል፤ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ እግሩን ከኋላ እየተጠለፈ የሚሮጥ ሰው የሚናገረውን መርጦ ሊናገር አይችልም ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ልጆች ያዩታል፣ ቴሌቪዥን ያሳየዋል፣ ደመወዙም የሚከፈለው ለእግሩ ብቻ ሳይሆን ለጨዋነቱ ጭምር ነው ይላል። እኔ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ቆርሼ ለማስታረቅ አልሞክርም። ተጫዋች በቃሉ መቀጣት አለበት እላለሁ፤ በአንዳንድ ቃል እንጂ በቃል ሁሉ ግን አይደለም። ደግሞም ቃሉን ጽፎ ማስቀመጥ ያልደፈረ አካል በዚያ ቃል ሌላውን ሰው ለመቅጣት ምን ያስችለዋል?

ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ በቁጥር 12 ላይ የሚያስቀይም፣ የሚሰድብ ወይም የሚያዋርድ ቃል የተናገረ ወይም ምልክት ያሳየ ተጫዋች በቀይ ካርድ ይወጣል ይላል። የዳኛውን ውሳኔ በቃል ወይም በድርጊት የተቃወመ ደግሞ ቢጫ ያያል። ሕጉ ይኸው ነው። የትኛው ቃል አዋረደ፣ የትኛው ተቃውሞ ብቻ ነው የሚለው ለዳኛው ጆሮ ተትቷል። ጆሮ ደግሞ ቋንቋ አለው።

ጆሮ ቋንቋ እንዳለው ለማስረዳት ከውጫሌ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የዛሬዋ ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሐይቅን አልፈው የሚያገኟት የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። ሻይ ቤቷም ሆነ ባጃጇ ከማንኛዋም የመንገድ ዳር ከተማ አይለይም። (አምባሰል ሲባል ለብዙ አንባቢ ከወረዳው ይልቅ ቅኝቱ ነው ትዝ የሚለው፤ ደግ ነው።) ስሟ የዓለም ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የገባው በአቅራቢያዋ በምትገኘው በይስማ ንጉሥ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምክንያት ነው። ታሪኩን አንባቢ ስለሚያውቀው አላረዝመውም። የአማርኛው 17ኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ “ይቻላቸዋል” ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል አለ። ሮማም ይህን ግዴታ ነው ብላ ይዛ፣ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ስትል ለኃያላኑ አስታወቀች። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ዐድዋ መጣ። እርግጥ ነው፣ አገር ለመያዝ የተነሣ መንግሥት ያ ግሥ ባይኖር ሌላ ሰበብ አያጣም ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ አልከራከራቸውም። ዳሩ ግን ሰበቡ የተገኘው ከግሡ ነው፤ ምኒልክም ሊከራከሩ የቻሉት የአማርኛው ቃል በወረቀት ላይ ሰፍሮ በእጃቸው ስለነበረ ነው።

ኳስን ከውሉ ጋር ያገናኘብኝ እዚያው ውጫሌ ሻይ ቤት ውስጥ ያየሁት ጨዋታ ነው። የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ማምሻው ላይ ሪያል ማድሪድ ፓምፕሎና ወርዶ ከኦሳሱና ጋር ይጫወት ነበር። ማድሪድ አንድ ለዜሮ እየመራ ሳለ፣ በ39ኛው ደቂቃ፣ እንግሊዛዊው ጁድ ቤሊንግሃም ለስፔናዊው ዳኛ ለሙኑዌራ ሞንቴሮ አንድ ነገር ሲናገር ታየና ቀይ ካርድ ተመዘዘበት። ሻይ ቤቱ ተንጫጫ። ምን ብሎት ነው? ከመካከላችን የሰማ አልነበረም፤ ያልሰማ ሁሉ ግን አስተያየት ነበረው። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ።

ዳኛው በሪፖርቱ ላይ የሰማውን እንግሊዝኛ እንዳለ አስፍሮት ነበር። ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያውን አንባቢ ከፊልም ያውቀዋል፤ ሁለተኛው “ዩ” ነው፤ “አንተን” ማለት ነው። ተጫዋቹና አሠልጣኙ ካርሎ አንቼሎቲ ደግሞ የለም፣ ሁለተኛው ቃል “ኦፍ” ነው፤ ዳኛው እንግሊዝኛውን አልተረዳውም አሉ። በማግስቱ እዚያው ሻይ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ “ጋሼ፣ ‘ኦፍ’ እና ‘ዩ’ ይህን ያህል ይራራቃሉ እንዴ?” ሲል ጠየቀኝ። አንደኛው ሰውዬውን እንደሚነካ፣ ሁለተኛው ብስጭት እንደሆነ ነገርኩት። “ታዲያ በአማርኛ ምን ይባላል?” አለኝ። “ተወኝ እባክህ” አልኩ፤ አነሰ። “ወግድ” አልኩ፤ ቀረብ አለ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ሻይ ቤት ውስጥ የሚባል አልነበረም።

የስፔን ፌዴሬሽን የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ነገሩን አይቶ ሁለት ጨዋታ ቀጣው። የቀጣው ግን በስድብ አይደለም፤ ለዳኛ ንቀትን ወይም አክብሮት ማጣትን ስለማሳየት በሚናገረው ቀለል ባለው አንቀጽ ነው። በእኔ ሚዛን ቀይ ካርዱ ጥድፊያ ነበረበት፤ ዳኛው መቆጣት መብቱ ነው፤ ቢጫው ይበቃ ነበር። ነገር ግን ከኋላ የመጣው ሥርዓት ደስ አሰኝቶኛል። ደስ ያሰኘኝም ቃሉ ስለተጻፈ ነው። ስለተጻፈ ተጫዋቹ “አላልኩም፤ ያልኩት ሌላ ነው” ለማለት ቻለ። የዳኛው ሪፖርት “አጸያፊ ስድብ ሰድቦኛል” ብሎ ቢያበቃ ኖሮ ልጁ የሚክደው ነገር እንኳ አያገኝም ነበር።

ስለ ሜዳ ስድብ ሲወራ ነገሩን ከአውሮፓ ሊግ እንደቀዳነው አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይገርሙኛል። ከእኛ በላይ ማን ያውቅበታልና! ገና ጨዋታን ያስታውሷል። የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ሚና ለይተው፣ ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን (ጥንግ የሚሏትም አሉ) ሲያሯሩጡ ስድቡ የጨዋታው አካል ነበር እንጂ የጨዋታው ጥፋት አልነበረም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም እያብጠለጠለ ወደ ሠፈሩ ይሸኘዋል። ስስታሙ ስስቱ፣ ፈሪው ፍርሃቱ፣ ባለሥልጣኑም ሳይቀር ዓመቱን ሙሉ በጀርባው ሲወራ የከረመው በዚያ ቀን ፊት ለፊት ይነገረዋል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው አባባል የመጣውም ከዚህ ነው።

ይህን አባባል ለቀልድ ስንጠቅሰው ኖረናል። እንደ ሕግ አንቀጽ ካነበብነው ግን ከቁጥር 12 ይልቅ ብዙ ነገር ይዟል። ስድብ አያምም አላለም፤ የሚያመውም ሰው እንዲችል ነው ያዘዘው፤ እንዲችል የታዘዘውም ጌታው ነው፤ ሎሌው አይደለም። ፈቃዱ ከታች ወደ ላይ የሚወረወር ቃልን ይመለከታል። ቀንም አለው፤ በማግስቱ ያንኑ ግጥም ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚደግም ሰው የጨዋታ ሰው መሆኑ ቀርቶ ተሳዳቢ ይሆናል። ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን ቤት መምታት ግዴታ መሆኑን ነው። ቤት ለመምታት ለአፍታ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለአፍታ የሚያስብ ሰው ደግሞ ዱላውን ለአፍታ ያቆማል። ተሰዳቢውም እንደዚሁ ነው፤ የሚጠበቅበት ጡጫ ሳይሆን የተሻለ ግጥም ነው። ልጆች በእንካ ሰላንቲያ የሚማሩት ይህንኑ ነው። አንዱ ይሰድባል፣ ሌላው ተራውን ጠብቆ ይመልሳል፣ መልስ ያጣ ይሸነፋል፣ ከዚያ አብረው ወደ ቤት ይገባሉ።

አሁን ይህን ይዘን ወደ ፕሮፌሽናሉ ሜዳ እንመለስ። ተከላካዩ አጥቂውን “ዛሬ ኳስ አትነካትም፣ አርጅተሃል” ቢለው ይህ ገና ነው፤ አጥቂው ጎል አግብቶ ይመልስለታል፤ ከጎል የተሻለ ግጥም የለም። አጥቂውም በተራው “ይኸው ነካኋት” ቢል ማንም ካርድ ማውጣት የለበትም። የዳኛው ጉዳይ ግን ይለያል። ዳኛ ተራ የለውም። ተሰድቦ መሳደብ አይችልም፤ ጎል አግብቶም አይመልስም። ያለው መልስ ኪሱ ውስጥ ያለው ካርድ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳኛን በአካሉ፣ በእናቱ ወይም በታማኝነቱ የሰደበ ተጫዋች ካርድ ቢያይ አይከፋኝም፤ መልስ መስጠት የማይፈቀድለትን ሰው ነው የሰደበው። ስለ ጌታና ስለ ሎሌ የተባለውን የሚያስታውስ አንባቢ ዳኛው የሜዳው ጌታ አይደለም ወይ ሊለኝ ይችላል። ለዘጠና ደቂቃ ጌታ ይመስላል። ከፉጨቱ በኋላ ግን ከሜዳ ለመውጣት ፖሊስ የሚያስፈልገው ሰው እሱ ነው። በ2010 ዓ.ም. በወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና በመከላከያ ጨዋታ ላይ ዳኛ በሜዳው ውስጥ ተባሮ ሲደበደብ አይተናል፤ በዚያ ምክንያት ሊጉ ለጊዜው ቆሟል። ለንደንና ማድሪድ የተጻፈ የስፖርት ሐተታ ይህን ፍርሃት ስለማያውቀው ዳኛን መስደብን እንደ ቀልድ ሲያይ እታዘባለሁ።

ገናን ማር አድርጌ ማቅረብም አልፈልግም። ከታች ወደ ላይ የሚወረወረው ስድብ በነበረበት ሜዳ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውም ነበር። የሠፈሩ ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ ልጅ ሩር ሲመታ ምን ይባል እንደነበር አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ያ ልጅ የሚመልሰው ግጥም ከየት ያመጣል? በሩጫው ቢሰድቡት በሩጫው ይመልሳል፤ በአባቱ ሥራና በዘሩ ሲሰድቡት ግን ቀኑ አልፎ ዱላው ከተሰቀለ በኋላም ስድቡ አብሮት ቤቱ ይገባል፤ አብሮት ገበያ ይወጣል፤ ሲያገባም ይከተለዋል። የገና ፈቃድ ይህን አይነካም፤ ወይም መንካት አልነበረበትም። በሜዳ ላይ ሊመለስ የሚችልና ሊመለስ የማይችል ስድብ ብዬ የምለየው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ቅጣት የሚገባው ለሁለተኛው ነው።

ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ስድብ በአገራችን ለማስቆም ከተጻፉት ሁሉ አንዱ አዋጅ ለእኔ የሥነ ጽሑፍ ናሙና ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር ያወጁት አዋጅ ነው። የማደንቀው ቅጣቱን ሳይሆን አጻጻፉን ነው። “አጸያፊ ስድብ አትሳደቡ” ብሎ አላለፈም። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ፣ ነጋዴውን መጫኛ ነካሽ እያላችሁ እያለ ስድቦቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቷቸዋል። አዋጁን የሰማ ሰው የትኛው ቃል እንደሚያሳስር ያውቃል፤ ተሰዳቢውም ክሱን በየትኛው ቃል እንደሚያቀርብ ያውቃል። የውጫሌን ውል በአንድ ግሥ የተነሣ ያፈረሱት ንጉሥ ቃልን በስሙ መጥራት ምን እንደሚጠቅም ቢያውቁ አያስገርምም።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጽሑፍ በኳሱ ዓለም ያገኘሁት አንድ ነው። በጥቅምት 2004 ዓ.ም. አንፊልድ ላይ ሊቨርፑልና ማንቸስተር ዩናይትድ ሲጫወቱ ኡራጓያዊው ሉዊስ ሱዋሬዝ ዳካር የተወለደውን ፈረንሳዊ ፓትሪስ ኤቭራን በስፓኒሽ “ኔግሮ” ብሎ ጠራው። ሱዋሬዝ በአገሬ ይህ የፍቅር አጠራር ነው፣ ያልኩትም አንዴ ነው አለ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ያቋቋመው ነፃ ኮሚሽን በደቡብ አሜሪካ ስፓኒሽ ላይ የተካኑ ሁለት የቋንቋ ባለሙያዎች ጠርቶ ቃሉ በሞንቴቪዲዮ ጎዳና በማን አፍ፣ በምን ድምፅ፣ ለማን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አስረዱኝ አለ። ባለሙያዎቹ ቃሉ በወዳጆች መካከል ፍቅር ሊሆን እንደሚችል አልካዱም፤ ኤቭራ እንደተናገረው በጠብ መካከል ተብሎ ከሆነ ግን በኡራጓይም ስድብ ነው አሉ። ኮሚሽኑ ስምንት ጨዋታና 40,000 ፓውንድ ቀጣው፤ የወሰነበትንም ምክንያት በ115 ገጽ አሳተመ።

መቶ አሥራ አምስት ገጽ! ስለ አንድ ቃል። በቅጣቱ የሚስማማም የማይስማማም ሰው ያንን አንብቦ መከራከር ይችላል፤ ብዙዎችም ተከራክረዋል። እኔ በቅጣቱ እስማማለሁ፤ የስምንቱ ጨዋታ ብዛት ግን አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ በአምስት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ የሆነው ነው። በ1998 ዓ.ም. የበርሊኑ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ዚዳን ማቴራዚን በራሱ ሲመታው ሁላችንም አይተናል። ፊፋ መቺውን ሦስት ጨዋታና 7,500 የስዊስ ፍራንክ፣ ተናጋሪውን ሁለት ጨዋታና 5,000 ፍራንክ ቀጣ። በራስ መምታትና መናገር ይህን ያህል መቀራረባቸው ራሱ የሚያነጋግር ነበር። ነገር ግን ቃሉ ወዲያው አልታወቀም። ክፍተቱን ከንፈር እናነባለን የሚሉ ሰዎች ሞሉት፤ አንዳንድ የእንግሊዝ ጋዜጦችም ያልተባለ የዘርና የሃይማኖት ስድብ በማቴራዚ አፍ ውስጥ ከተው አተሙ፤ በኋላ ተከሰው ካሣ ከፈሉ። የተደበቀ ስድብ እንዲህ ነው፤ ሌላው ሰው የራሱን ስድብ ያመጣና ይሞላዋል።

እኛ አገር ደግሞ ያ ክፍተት በምን እንደሚሞላ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከውጫሌ ወደ ሰሜን ውርጌሳንና መርሳን አልፎ ወልድያ ይደረሳል። ኅዳር 2010 ዓ.ም. እዚያ በወልድያና በመቀሌ ክለቦች መካከል ሊደረግ የነበረው ጨዋታ በግጭት ምክንያት ሳይደረግ ቀርቷል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ከዚያ ወዲህ ጦርነት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚሁ አውራ ጎዳና ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ወረደ። በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ርቀው የነበሩት የትግራይ ክለቦች በ2017 ዓ.ም. ወደ ፕሪምየር ሊጉ ተመለሱ። እንግዲህ በእነዚህ ሜዳዎች ላይ አንድ ተጫዋች ሌላውን ተጫዋች ሰደበው ሲባልና “አጸያፊ ስድብ” ተብሎ ሲታለፍ ደጋፊው ምን ይላል? አንዱ ወገን ዘሬን ነክቶብኛል ይላል፤ ሌላው ወገን ምንም አላለም ይላል፤ ሁለቱም የሚጠቅሱት ወረቀት የለም። ነገሩ የእናት ስድብ ብቻ የነበረ ከሆነ ወረቀቱ እሳቱን ያበርደው ነበር። በእርግጥ ዘር ተነክቶ ከሆነም ክለቡ “ልጃችን ተናዶ ነው” ብሎ ሊያቀልለው ባልቻለ ነበር።

ሕጋችን ይህን ልዩነት ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሰው ሰውን ሲሰድብ በተሰዳቢው አቤቱታ የሚታይ ቀላል ወንጀል ያደርገዋል። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ጥላቻን የሚያነሣሣ ቃልን ለብቻው አውጥቶ ይዞታል። አገሩ ሁለት ሚዛን ሠርቷል። የስፖርት ውሳኔዎቻችን ቋንቋ ግን ሁለቱን በአንድ ቅጽል ይመዝናል። ፖሊስ ሜዳ ገብቶ ተጫዋች ይያዝ ማለቴ አይደለም፤ ይህን የሚመኙ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመኝም። በእንግሊዝም ጆን ቴሪን በ2004 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ነፃ ሲለው ማኅበሩ ግን በራሱ ሚዛን አራት ጨዋታና 220,000 ፓውንድ ቀጥቶታል። የሜዳ ዳኝነት ለሜዳ ይቅር፤ ብቻ እየለየ ይዳኝ።

አንድ ነገር ሊነሣብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። በውሳኔው ላይ ስድቡ እንዳለ ቢታተም ራሱ ወረቀቱ መሳደቡ አይደለም ወይ? ልጆች ያነቡታል፤ ራዲዮ ያነበዋል። ነውር ነው። እኔም እዚህ ገጽ ላይ የቤሊንግሃምን የመጀመሪያ ቃል አልጻፍኳትም። ነገር ግን መጽሔትና የዳኛ ሪፖርት አንድ አይደሉም። ሪፖርቱ ላይ ቃሉ ሳይሸፈን ይስፈር፤ ለሕዝብ በሚወጣው ላይ ደግሞ ቢያንስ ወገኑ ይነገር፤ በዳኛነቱ ሰደበው፣ በእናቱ ሰደበው፣ በአካሉ ሰደበው፣ በብሔሩ ሰደበው ይባል። ይህን ለማለት ነውር የለበትም፤ አንድ ቃል ነው የሚጨምረው።

ከዚያ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። በአንድ የሊግ ቡድን ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ ከጋናና ከናይጄሪያ የመጡትም እንግሊዝኛቸውን ይዘው ይገባሉ። ሰው ሲናደድ ደግሞ ወደ እናቱ ቋንቋ ነው የሚመለሰው። ዳኛው ያልገባውን ቃል በፊት ገጽታው ብቻ ገምቶ ቀይ ያወጣል፤ ወይም የገባው መስሎት ይሳሳታል። ኅዳር 2013 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ አራተኛው ዳኛ የባሻክሼሂሩን ረዳት አሠልጣኝ ፒዬር ዌቦን ለዋናው ዳኛ ሲያመለክት በገዛ ቋንቋው በሩማንኛ “ኔግሩ” አለ፤ “ጥቁሩ” ማለቱ ነበር። ሁለቱም ቡድኖች ሜዳውን ጥለው ወጡ፤ ጨዋታውም በማግስቱ በሌሎች ዳኞች ተጠናቀቀ። በዚያ ምሽት ቃሉ ስድብ ነው አይደለም ተብሎ ብዙ ተባለ፤ የዴምባ ባ ጥያቄ ግን ትርጉሙን አልፎ ሄዷል፤ ነጭ ሰው ሲሆን “ያ ነጩ” አትሉም፣ ጥቁር ሲሆን ለምን ትላላችሁ ነው ያለው። መዝገበ ቃላት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል፤ ቃሉን ማን፣ ለማን፣ በምን ሰዓት እንዳለው መታወቅ አለበት።

ስለዚህ የዳኞች ሪፖርት ላይ እንዲሞላ የምፈልገው መስመር “የተነገረው ቃል፣ በተነገረበት ቋንቋ” የሚል ነው። ከሥሩም የተተረጎመበት አማርኛና የተርጓሚው ስም ይግባ። የይስማ ንጉሡን ውል ያስተረጎሙት ግራዝማች ዮሴፍ ስማቸው ስለተመዘገበ ነው እስከ ዛሬ የሚወቀሱትም፣ ተከራካሪ የሚያገኙትም። ተጫዋቹም ሪፖርቱ ተነቦለት፣ ያለው ያ መሆኑን ወይም ሌላ መሆኑን በራሱ ቋንቋ መልሶ ይፈርምበት። ካልተስማማ ከዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሁለት ሰው ይጠራ። ለዚህ 115 ገጽ አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ይበቃል፤ ኮሚቴው እንደሆነ በየጨዋታ ሳምንቱ መሰብሰቡ አይቀርም።